የወንድሜ ስም የተለጠፈበት ቴፕ

ዛሬ ካራ ሰፈር፣ ሚስ ማርታ ቤት ስገባ ቴፑ ላይ የሞተው ወንድሜ ስም ተለጥፎ አየሁ።

ሚስ ማርታ ሃያ ዓመት ያስተማሩ የሚሲዮን መምህርት ናቸው። ትምህርት ቤቱ በመንግሥት ስለተወረሰ ቅዳሜ አገራቸው ይገባሉ። ቀበሌው ዝርዝር ስለጠየቃቸው እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሚወስደውን ሰው ስም ለጥፈዋል። ድመቷም ለዘበኛው ተመዝግባለች።

ረስተው ይሆን? "ተስፋዬ እኮ አርፏል" ልላቸው ስል ቀደሙኝ።

"አልረሳሁም፣ ልጄ" አሉኝ። "ቴፑ ውስጥ ባለው ካሴት ድምፁ አለ። መዝሙር ሲለማመድ ቀድቼው ነበር፤ መሐል ላይ ተሳስቶ ይስቃል።"

ቴፑን ተሸክሜ ቤት መጥቼ አልጋ ሥር ደበቅሁት። እናቴ ከሾላ ገበያ አሁን ትመለሳለች። ሐዘኗ ገና ሦስት ወሩ ነው። ሳቁን ብትሰማ ትጽናና ይሆን፣ ወይስ ይብስባታል?

የሟች ድምፅ በእጃችሁ የቀረላችሁ፣ እናንተ እናታችሁን አሰማችኋት?