ከብርጋ ጓሮ የወጣው አስታራ

የልጅ ልጄ ወልቂጤ ላይ ከባጃጅ ወድቆ ክንዱን በጄሶ አሳስሮ መጣ። በደህና እጁ ስልኩን እየነካካ፣ "አባባ፣ በናንተ ጊዜ ጄሶ ነበር እንዴ?" አለኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ግራ ክንዴን አሳየሁት። ከክርኔ ዝቅ ብሎ ጉብታ አለ። ዳሰሰውና ሳቀ።

ያኔ ልጅ ነኝ፤ ከአገና ወጣ ብላ ባለች መንደራችን። አባቴና ጎረቤታችን ብርጋ በድንበር አይስማሙም ነበር። ድንበር ስል አንድ ረድፍ እንሰት ማለቴ ነው፤ አንዱ የተከለውን ሌላው ነቅሎ ይጥላል። አንድ ቀን ነገሩ ከረረና ዱላ ተማዘዙ። አባቴ ግንባሩን ተፈንክቶ ደሙ ዓይኑን ሲጋርደው አየሁ፤ ሮጬ መሃል ገባሁ። ብርጋ ለአባቴ የሰነዘረው ዱላ እኔ ክንድ ላይ አረፈ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ደረቅ ሸንበቆ በጉልበት ሲሰበር ዓይነት ነው። እጄ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ተንጠለጠለ።

የአባቴ ወንድም ሽብሩ ይህን ሲያይ ገጀራ ይዞ የብርጋ ጓሮ ገባ። እንሰት እንደ ሌላ ተክል አይደለም፤ ሆዱ ውሃ ነው፣ ገጀራው ሥጋ ውስጥ እንደሚገባ ሆኖ ነው የሚገባው። ትልልቁ ቅጠል እርስ በርሱ ላይ ሲወድቅ የብርጋ ሚስት ትርፌ ሰው እንደሞተባት ደረቷን ትደቃለች። ለዓመታት ያሳደገችው የልጆቿ ጉሮሮ ነው። ሽብሩ ሲመለስ ከአናቱ እስከ እግሩ ርሷል፤ ጥሬ ጥሬ ይሸት ነበር፣ ከእርድ የወጣ ሰው ይመስላል።

ወጌሻው ጋሽ ኸይሩ ተጠርተው መጡ። ክንዴን በቅቤ አሹ፣ እግራቸውን ብብቴ ሥር ተክለው፣ "ቢስሚላህ" አሉና ሳቡት። ምን ልበላችሁ፣ ከስብራቱ ጥገናው ይብሳል። አባቴ በዚያ በተፈነከተ ግንባሩ ላዬ ላይ ተጭኖ ይዞኛል፤ ጩኸቴ ሲያልቅብኝ ትከሻውን ነከስኩት። ጋሽ ኸይሩ በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፈው በቃጫ አሰሩኝና፣ "አሁን የአስታራ አሚቾ በወተት ይብላ" አሉ። አስታራ ለስብራት የሚፈለግ የእንሰት ዓይነት ነው፤ አሚቾ የምንለው አፈር ውስጥ ያለውን ሥሩን ነው፣ ተቀቅሎ ይበላል። "ካልበላ አጥንቱ አይገጥምም። እጁ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል።"

የእኛ ጓሮ አስታራ አልነበረም። የደረሰ የነበረው ብርጋ ዘንድ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሽብሩ ዞረ።

"የቱ ነበር አስታራው?" አለ ሽብሩ ቀስ ብሎ።

"በሩ አጠገብ ያለው" አለች እናቴ።

"እሱንማ መጀመሪያ ነው የጣልኩት።"

ጋሽ ኸይሩ ገጀራውን አየት አደረጉና፣ "የጣልከው ግንዱን ነው፤ ሥሩ አፈር ውስጥ አለ። ያንተ ጭንቅላት የት እንዳለ ግን አላህ ይወቅ" አሉት።

እናቴ መቆፈሪያዋን አንስታ ብቻዋን ሄደች። የሆነውን ኋላ ነው የነገረችኝ። ብርጋ ዱላውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

"ብትገቢ እግርሽን ነው የምሰብረው" አላት።

"ስበረው። እየዳህኩ እቆፍራለሁ።"

ይህን ጊዜ ትርፌ ባሏን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች። "ዞር በል። ወንድ ይተክላል እንጂ የደረሰ እንሰት የሴት ነው። አንተ የሰው ልጅ ሰበርክ፣ እነሱ ጓሮዬን አረዱት። በዚህ ነገር ከእንግዲህ የወንድ ቃል አልሰማም።"

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆፈሩ። ትርፌ እያለቀሰች፣ "የባልሽን ወንድም እጁን ይቁረጠው" ትላለች። እናቴም ሳታቋርጥ፣ "አሜን፣ ይቁረጠው" ትላለች። አሚቾው ሲወጣ ትርፌ ለሁለት ከፈለችው። "ይሄ ለልጅሽ። ይሄን መልሼ እቀብረዋለሁ፤ ችግኝ ሲያወጣ ለጓሮሽ ትወስጃለሽ። ሌላ ጊዜ ሰው ሲሰበር አንዳችን ጋ እንዳይታጣ።"

ክንዴ ገጠመ። አስታራውም በሁለታችንም ጓሮ ቆመ፤ ስንቱ መንደርተኛ በላው።

ሰሞኑን እንግዲህ ለልጁ አስታራ ላመጣለት ብዬ ሚኒባስ ተሳፍሬ አገር ቤት ሄድኩ። የእኛ ጓሮ ዛሬ ባህር ዛፍ ነው። አስታራው ሲነቀል፣ ብርጋ ቤት አለ ብለን ማናችንም አልተጨነቅንም። የብርጋን ልጅ አጋዝን ጠየቅሁት፤ እሱም እንደኔው ሸምግሏል።

"እኛም ጓሮውን ጫት ስናደርገው እናንተ ጋ አለ ብለን ነው እኮ" አለኝ።

አባቶቻችን የተደማሙበትን ረድፍ ብንፈልገው ሁለታችንም አጣነው። ያኔ በገጀራ የወደቀው ከሥሩ ተመልሶ በቅሏል። ይሄኛውን ዱላ ሳናነሳ፣ እየተሳሳቅን ነው ያጠፋነው። አጋዝ ሊያጽናናኝ፣ "ጄሶው ይበቃዋል" አለኝ። ይበቃው ይሆናል።

ባዶ እጄን ወልቂጤ ቤቴ ተመለስኩ። ልጁ፣ "እስቲ አባባ፣ ያን ጉብታህን ድጋሚ ልየው" አለኝ። እጅጌዬን ሰበሰብኩለት። ከአስታራው የቀረን እሱ ብቻ ነው።