የገመዱ ሌላኛው ጫፍ

የኤሌክትሪክ ገመድ ክርኑ ላይ የሚጠመጥም ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ሽቦው ውስጥ ውስጡን ይጠማዘዝና ዓመት ሳይሞላው ይበጠሳል። እኔ አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩን ወደ ውጭ እያደረግሁ ነው የምጠቀልለው። ገመዱ ረጅም ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ጫፉን ይዞ ጥምዝምዙን እየፈታ ይለቅልኛል።

ባለፈው ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ለጥገና ሠራተኞች መብራት ዘርግቼ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የጥንት ተሳላሚዎች አጽም እስካረፈበት ጨለማ ድረስ። ከሰዓት በኋላ ሥራው ሲያልቅ አምፖሉን ፈትቼ ወጣሁና፣ ደጅ ጄነሬተሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ገመዱን መሳብ ጀመርኩ።

ሃምሳ ሜትር ገመድ ድንጋይ ለድንጋይ ተጎትቶ ሳይጠማዘዝ አይመጣም። ያን ቀን ግን ልስልስ ብሎ መጣልኝ። ስስብ ይለቀቃል፣ ሳቆም ይጠብቀኛል። ቁልፍ የሚይዙት አባ ውስጥ ቀርተው የሚያግዙኝ መሰለኝ።

“እግዜር ይስጥልኝ አባ፤ እንደ እርስዎ የሚያውቅበት ሰው አላገኘሁም” አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

“ከማን ጋር ነው የምታወራው ልጄ?”

አባ ከኋላዬ፣ ጥዱ ሥር ቁልፋቸውን ይዘው ቆመዋል። “ሁሉም ወጥተዋል። በሩን ልዘጋ አንተን እየጠበቅሁ ነው” አሉኝ።

ያኔ ገመዱ እጄ ላይ ቀጥ አለ። ቀጥሎ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገኝ።

አባ ገመዱን አይተው አልደነገጡም።

“ልቀቅላቸው” አሉኝ ቀስ ብለው። “ያን ሁሉ ዘመን ተኝተው መብራት ያዩት ዛሬ ነው።”