ትንሽ ትቀዝቅዝ

ትናንት ማታ ከመርካቶ ስመለስ አማኑኤል ጋ መኪናዬ ድንገት ጸጥ አለች። ወርጄ ኮፈኑን ብከፍተው የጋለ ዘይትና የተለበለበ ፕላስቲክ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ በጡሩምባ ያደነቁረኛል፣ እኔ ግን የት ሰምቼው፣ ወይ ጉድ፣ ይሄን ሽታ ካሸተትኩ ስንት ዘመኔ!

አባቴ ዱባይ ተራ ጫማ ይነግድ ነበር። ጠዋት ሳልነቃ ይወጣል፣ ማታ ቤት ገብቶም ልቡ ከሱቁ አይወጣም። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሱቁ ሄጄ እጠብቀውና አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን፤ መንገዱን ሙሉ ዝም ነው። ደግነቱ አሮጌዋ ነጭ መኪናችን አመል ነበረባት፤ በመርካቶ ግርግር ስትንፏቀቅ ቆይታ ሞተሯ ሲግል፣ አማኑኤል ጋ ስትደርስ ድርግም ትላለች።

ጥፋተኛዋ አውራ ጣት የምታህል የሞተር ሴንሰር ነበረች። «የሞተሩ ዙር የት እንደደረሰ የምትናገረው እሷ ናት፤ እሷ ዝም ካለች መኪናው ግራ ይገባዋል» ይለን ነበር መካኒካችን ጋሽ ከድር። ከሞተሩ ጎን ተለጥፋ ዓመት ከዓመት ስትቀቀል የሽቦዋ ልባስ ይሰነጣጠቃል፣ ዘይት ይሰርግባታል፤ ሲሞቃት ትደነዝዛለች፣ ሲበርዳት ወደ ልቧ ትመለሳለች። አባቴ ደግሞ ሶማሌ ተራ ሄዶ ከተፈታ መኪና የወጣች ሌላ ያመጣል፤ እሷም ስትቀቀል የኖረች ናትና ብዙ ሳትቆይ ያው ትሆናለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሬሳ በሬሳ ትቀይራለህ?» እያለ ጋሽ ከድር ይስቅበት ነበር።

እስክትቀዘቅዝ እንግዲህ መጠበቅ ነው። አባቴ እርጥብ ጨርቅ ጣል ያደርግባትና ከመንገድ ዳር ቆሎ ገዝቶ አጠገቤ ይቀመጣል። ከዚያማ ያ ዝምተኛ ሰውዬ የት ይሄዳል! ልጅ ሳለ ጎጃም ከወንድሙ ጋር ሰርቀው ስለበሉት ማርና ንቦቹ ስላሳበጡት አፍንጫው እያወራልኝ በሳቅ ይገድለኛል፤ ቀጥሎ «ዛሬ ማን አናደደሽ?» ብሎ ይጠይቀኝና መልሴን እስከ መጨረሻው ይሰማኛል። እኔም ገና ዱባይ ተራን ሳንለቅ በልቤ «አምላኬ፣ ዛሬም መኪናዋ ትጥፋልን» እያልኩ እለምን ነበር።

አንድ ክረምት ጋሽ ከድር ተማርሮ አዲስ ሴንሰር አስገባላት። የዚያን ዕለት ማታ መኪናዋ ኮሽ ሳትል አማኑኤል ደረሰች፤ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንባዬን እታገላለሁ። አባቴ የለመድነው ቦታ ላይ ሲደርስ ዳር ያዘና ቁልፉን አጠፋ።

«ምን ሆነች?» አልኩት።

«ምንም። ትንሽ ትቀዝቅዝ» አለኝና ቆሎ ሻጯን ጠራት።

ለኔም መኪና መካኒኬ ዛሬ ጠዋት አዲስ ሴንሰር አስገባላትና «ከእንግዲህ አታስቸግርሽም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማታ ስመለስ ምንም አልሆነችም። አማኑኤል ጋ ስደርስ ግን ዳር ያዝኩና አጠፋኋት፤ ቆሎም ገዛሁ። አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ብቻዬን ቆሎዬን በላሁ፤ ዛሬ ማን አናደደሽ የሚለኝ የለም።