የእትዬ መቀስ ጭን

በልብስ ስፌት ቤቱ «እትዬ መቀስ» ይሏታል፤ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ቆማ ጨርቅ ስትቆርጥ ነው። ቀኝ ጭኗ በውጭ በኩል እንደ ጋለ ካውያ ማቃጠል ሲጀምራት ሁሉም ሐኪም ሆነ። አማቷ «ብርድ ነው» አሉ። ጎረቤቷ «የወሊድ ጣጣ ነው» አለች። አለቃዋ ግን የባሰውን ይዞ መጣ።

«ከሰኞ ጀምሮ ቁጭ ብለሽ ቁልፍ ትተክያለሽ። ዕድሜ ነው፤ ከዕድሜ ጋር አይጣሉም።»

«ዕድሜ ቢሆን አንተን ቀድሞ በጣለህ።»

ጤና ጣቢያ ሄደች። ዶክተሯ ገና ሳትነካት ማስታገሻ ልትጽፍ ስትል፣ እትዬ መቀስ ከወንበሩ አልነሳም አለች።

«ኪኒኑን ስውጥ ከርሜያለሁ፣ ልጄ። አሁን የምፈልገው ምክንያቱን ነው።»

ዶክተሯ ተነፈሰችና ብዕሯን አስቀመጠች። ደም ረግቶ እንደሆነ ባቷን ዳሰሰች። ወገቧ እንደሆነ እግሯን ቀጥ አድርጋ አነሳች። ዳሌዋንም አዟዟረች። ሁሉም ደህና ነው።

«የሚያቃጥልዎትንና የሚደነዝዝዎትን ቦታ ያሳዩኝ።»

እትዬ መቀስ ከኪሷ የልብስ ጠመኔ አውጥታ ጭኗ ላይ ዙሪያውን አሰመረች። ዶክተሯ በጥጥ ስትነካት፣ ከመስመሩ ውስጥ ምንም አይሰማትም።

«ወገብዎን የሚያጠብቅ ነገር አለ?»

አለ። የቆራጮች ቀበቶ፤ ከባዱ መቀስ የሚንጠለጠልበት። «ወገቡ ያልታሰረ ቆራጭ እጁ ይንቀጠቀጣል» ይባላል። ሥራ ያስተማረቻት አሮጊት በመጀመሪያው ቀን ትንፋሿ እስኪያጥር ያሰረችላት በገዛ እጇ ነበር። ነፍሷን ይማር። እትዬ መቀስም ጭኗ ሲያቃጥላት ይደግፈኛል ብላ የባሰ አጥብቃዋለች።

«ቀበቶው በብሽሽትዎ በኩል ወደ ጭንዎ የሚያልፈውን ነርቭ ተጭኖታል። ቀበቶውን ይተዉት። ቀስ በቀስ ይሻልዎታል። እግርዎ ካበጠ ወይም ከዛለ ግን ቶሎ ይምጡ።»

ሰኞ መቀሱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ወገቧ ባዶ ነው። አሮጊቷ ከኋላዋ ቆማ የምታያት መሰላት።

«ኧረ እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አለ አንዱ ቆራጭ።

«የተንቀጠቀጠ ለት ቁልፍ እተክላለሁ።»

አለቃው እጁን አጣጥፎ ቆመ። ጭኗ አሁንም ይለበልባታል። የተደራረበውን ጨርቅ በግራ መዳፏ ተጫነችና ከዳር እስከ ዳር ቆረጠችው። አለቃው ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በጣቱ ተከተለ፤ የሚያወጣለት እንከን አጣ።

«ምን ቆመህ ታያለህ?» አለችው። «ሌላውን ጣቃ አቀብለኝ እንጂ።»