የመስኮት ፀሐይ

ከልደታ የወጣሁ ዕለት፣ ወደ ማታ ግድም፣ እማዬ የሰጠችኝ ስንቅ ጃንጥላ ነው። ለዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ ለፀሐይ! "እዚያ ጥላ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? ምች እንዳይመታህ" ብላ ከሻንጣዬ ጋር በገመድ አሰረችልኝ። እኔም አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ከፀሐይ ስሸሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ እንኳ የመብራት ምሰሶ ጥላ ውስጥ በጎኔ ነበር የምቆመው። እንዲህ ሆኜ፣ ጃንጥላዬን ታጥቄ፣ ቀድማኝ ወደ ሄደችው ባለቤቴ ወደ ስንዱ፣ ኖርዌይ ገባሁ።

ወገኖቼ! የዚህ አገር የክረምት ፀሐይ እንደ ቢሮ ኃላፊ ናት። ረፋድ ላይ ብቅ ትልና "ስብሰባ አለብኝ" ብላ ትሄዳለች፤ እስከ ነገ አትመለስም። ጃንጥላዬን በር ኋላ ሰቀልኳት።

ልጃችን ናሆም የተወለደው ልክ የክረምቱ ጨለማ ሲገባ ነው። እማዬ በደወለች ቁጥር ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ "ልጁን ፀሐይ አሞቃችሁት?"

"አዎ እማዬ!"

አልዋሸሁም። ልደታ ቢሆን ቅባት ተቀብቶ ጠዋት ጠዋት ደጅ ይገላበጥ ነበር። እዚህ ደጅ ብናወጣው ግን በረዶ ሆኖ ሊመለስ ነው። ስለዚህ ፀሐይዋ ብቅ ባለች ቁጥር መስኮቱን ግጥም አድርገን ዘግተን፣ ቅባቱን ቀብተን፣ ከመስታወቱ ሥር እናስተኛዋለን። እኔም እንደ ድመት ከጎኑ። በጋው ሲመጣም ነፋሱን ፈርተን ከመስኮታችን አልተላቀቅንም።

ዓመት ከስድስት ወር ሞላው። ናሆም አይቆምም። ልናቆመው ስንሞክር ያለቅሳል። እግሮቹም ጎበጥ ጎበጥ ብለዋል።

"መራመድ ሳይችል ሊቀር ነው እንዴ?" አለችኝ ስንዱ፣ ካልሲ እያለበሰችው። ቀልድ ጠፋኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባቸዋል። ለእማዬ "እየሮጠ ነው" አልኳት። ይኼን ዋሸሁ።

ሆስፒታል ወስደነው ደም ሰጠ፣ ራጅ ተነሳ። በቀጠሮው ቀን አንዲት ረጅም ነርስ አስቀመጠችን።

"ከተወለደ ጀምሮ በየቀኑ እንድትሰጡት የታዘዘው የቫይታሚን ዲ ጠብታ አልቋል?"

"ኧረ በፍጹም!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "አንዲት ጠብታ አልነካንም። ፍሪጅ ውስጥ እንዳለች ናት።"

"ለምን?"

"ሲታመም ልንሰጠው ነዋ! ጤነኛ ልጅ መድኃኒት ይሰጠዋል እንዴ?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስንዱ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ጠርሙሷን ለክፉ ቀን ከሰናፍጩ ኋላ የደበቀቻት እኮ ራሷ ናት!

"ፀሐይ ግን እናሞቀዋለን" አልኩ። "በመስኮት።"

"የሚያስፈልገው ጨረር መስታወት አያልፍም።"

"እኛ እኮ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ሰዎች ነን!"

"ስንቱን ወር ይዛችሁ መጣችሁ?"

ሃያ ዓመት ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የጻፍኩ ሰው፣ የጠረጴዛዋን ጥግ በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ።

ሴትዮዋ ግን ፈገግ አለች። "አጥንቱ ለስልሷል። በጊዜ መጥታችኋል፤ ይድናል።" ስንዱ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ የቢሮውን ጸጥታ አይታ ዋጠችው። ውጭ ስንደርስ ግን ለቀቀችው፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ሁሉ ዞሩ።

የእኔና የስንዱም ደም ሲመረመር ያው ጉድ ሆነ። አሁን ሐኪሙ በወሰነው ልክ ለእሱ ጠብታ፣ ለእኛ እንክብል፣ ከቁርስ ጋር። ማክሬል የሚባል ቅባታም ዓሣ አለ፤ በበርበሬ ሳቁላላው ጎረቤት በሩን ይዘጋል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ደጅ ነን፣ ያለ ጃንጥላ።

ናሆም በሁለት እግሩ ቤቱን ማተራመስ በጀመረ በሳምንቱ፣ ለእማዬ በቪዲዮ ደውዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

"ይሮጣል ብለኸኝ አልነበር? አንተ ቀጣፊ!" አለች። ከዚያ "ቆይ" ብላ ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች፤ በርጩማ ላይ አጋድማ ወደ ሰማይ አዞረችው። ስክሪናችን በልደታ ፀሐይ ነጭ ሆነ።

"አስጠጋው። ከዚህ ይሙቅ።"

"እማዬ፣ በስልክ አይመጣም እኮ።"

"አንተ ምን ታውቃለህ! አስጠጋው ብዬሃለሁ።"

ናሆም ብርሃኑን ሲያይ እየተንገዳገደ መጥቶ መዳፉን ለጠፈበት።

"መጣ?" አለች።

"መጣ እማዬ። በእግሩ።"

ልትመልስልኝ ስትል ተቋረጠ፤ ስልኳ ግሎ ይሆናል። መልሼ ደወልኩ፤ አይሠራም። ናሆም መዳፉን ከስልኩ መስታወት ላይ አላነሳም።