እንጉዳይ በፎርኖ የምትሠራዋ የብርጓል

የብርጓል ምናለ ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። በስሟ የሚያውቃት ጥቂት ሰው ነው፤ ምግቧን የሚያውቀው ግን ብዙ ነው። ድንች ቀቅላ በስሱ ትቆርጥና ቅቤ በተቀባ የሸክላ ሳህን ላይ ትደረድራለች። በላዩ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል የጠበሰችውን እንጉዳይ ታለብሰዋለች፤ በወተትና በዱቄት ያወፈረችውን ሶስ ታፈስበታለች፤ የተፈቀፈቀ የፎርማጆ አይብ ትነሰንስበታለች። መጨረሻ ላይ ደረቅ ዳቦ ፈርፍራበት ፎርኖ ውስጥ ታስገባዋለች። ፊቱ ቀልቶ ዳር ዳሩ መንጨርጨር ሲጀምር ይወጣል። የጣሊያን ባላገር ምግብ ነው።

ይህች ሴት በልጅነቷ እንጉዳይ ሲነሳ ከቤት ወጥታ ትሄድ ነበር።

የተወለደችው ከሮብ ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ በሚያስኬድ መንደር ነው። አባቷ ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቷ ወይዘሮ አመተ ማርያም ሦስት ልጆች ይዘው ቀሩ፤ ታላቅየው ሙላት፣ መካከለኛዋ የብርጓል፣ ትንሹ ደምለው። የብርጓል ስምንት ዓመቷ፣ ደምለው አምስት ዓመቱ ነበር። ክረምቱ የከበደበት፣ ጎተራው የተራቆተበት ዓመት ነበር። በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን የብርጓል ከግጦሹ ዳር እንጉዳይ በቀሚሷ ሰብስባ መጣች። እናቷ አንድ በአንድ አገላብጠው አዩት፤ ደህና ነው አሉ። እሷ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ስትመለስ ወጡ ደርሶ፣ የማይጾመው ደምለው ብቻውን በልቶ ጨርሶ ነበር። ሌሎቹ ቅዳሴ እስኪወጣ እየጠበቁ ሳለ ልጁ ማስመለስ ጀመረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት መንገድ ላይ ሞተ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ከሴቶቹ አንዷ፣ «ማነው ይህን ጉድ ለቅሞ ያመጣው?» ብላ ጮኸች።

እናቷ ቀና ሳይሉ፣ «ልጅቱ ናት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተናገሩም። አልመቷትም፣ አልሰደቧትም። ሙላት ግን ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ደምለውን አዝሎ ያሳደገው እሱ ነው። ከእሷ ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ተወ። እሷ ስትቀርብ ይነሳል። የመንደሩ ልጆች «እንጉዳይ ለቃሚዋ» ይሏት ጀመር። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ዘመድ ተከትላ አዲስ አበባ ገባች።

እዚያ የተቀጠረችው ፍራንካ የሚባሉ አሮጊት ቤት ነው። ሲኞራ ፍራንካ አባታቸው ጣሊያናዊ ግንበኛ ነበሩ፤ እሳቸው ግን አዲስ አበባ ተወልደው እዚያው አርጅተዋል፤ አማርኛ እንደ ማንም ይናገራሉ። አንድ ቀን ከገበያ በወረቀት የተጠቀለለ እንጉዳይ ይዘው ገቡና እጠቢልኝ አሏት። የብርጓል ወረቀቱን ከፈተችው። ከእጇ ለቀቀችው፤ እንጉዳዩ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ምን ሆነሻል?» አሉ ሲኞራ።

ወንበር ላይ አስቀምጠው ሲጠይቋት፣ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገረቻቸው። አሮጊቷ እያለቀሱ ሰሟት። እንጉዳዩን ራሳቸው ለቅመው አጠቡና ምግቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያሳዩአት ሠሩ።

«ይህ ቤት ውስጥ ተዘርቶ የሚበቅል ነው፤ ሜዳ አያውቅም» አሏት። «ዛሬ እኔ እበላለሁ፣ አንቺ ታይኛለሽ። ነገ ጠዋት በሕይወት ካለሁ አንቺም ትበያለሽ።»

በማግስቱ ሲኞራ በሕይወት ነበሩ። የብርጓል የተረፈውን አሙቃ፣ እያማተበች በላች። በአፏ ስትይዘው እንባዋ መጣ፤ ጣፋጭ መሆኑ ይበልጥ አስለቀሳት። ከዚያ ወዲህ ሲኞራ በየሳምንቱ አሠሯት። «እንጉዳዩ ውኃውን ሳይጨርስ ካወጣሽው ሾርባ ነው የምታበዪኝ» እያሉ፣ ትዕግሥት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አሥራ ሦስት ዓመት አብራቸው ኖረች። እሳቸው ሲሞቱ ቤቱ ተሸጠ፤ የብርጓልም ወደ አገሯ አቅጣጫ ተመለሰች። መንደሯ ግን አልገባችም፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ቀረች።

መጀመሪያ ሆቴሉ እንጉዳዩን በቆርቆሮ የታሸገውን ነበር የሚገዛ። በኋላ ሳጂዳ የምትባል የሸቀጥ ነጋዴ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ብታጣ፣ ከአባቷ ሱቅ ጀርባ ባለው ጨለማ ክፍል ውስጥ የስንዴ ገለባ ቀቅላ በላስቲክ ከረጢት እየሞላች እንጉዳይ ማብቀል ጀመረች። ሁለቱ ተዋደዱ። ሳጂዳ ጠዋት ጠዋት በቅርጫት ታመጣለች፤ የብርጓል አንድ በአንድ ሳታይ አትረከብም። «አንቺ ደግሞ! የኔ እኮ ከቤት የወጣ ነው» ብላ ሳጂዳ ትስቃለች። የብርጓል አትስቅም፤ ታያለች።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ወይዘሮ አመተ ማርያም ታመሙ። መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ የቆየበት ጊዜ ነበርና፣ በተከፈተ ቀን ሙላት እናቱን ለሕክምና አምጥቶ የብርጓል በር ላይ አወረዳቸው፤ እህል ሳይቀምስ ተመለሰ። ሐኪሞቹ ልባቸው ደክሟል፣ አይለፉ አሏቸው። እናትየው በልጃቸው የኪራይ ቤት ሰነበቱ። ጠዋት ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከሰዓት የብርጓል ከሥራ ስትገባ ልብሷ ላይ ያለውን ሽታ እያሸተቱ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «ዛሬም እሱኑ ነው የሠራሽ?» አሏት።

«አዎ፣ እማ። ሸተትኩዎት? ልለውጥ።»

«ተይው። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

«የንስሐ አባቴ ሳልነግርሽ እንዳልሞት አስጠንቅቀውኛል። እዚህ የመጣሁት ለሐኪም ብዬ አይደለም» አሉ። ጣታቸው የነጠላቸውን ጥለት ይፈትላል። «ያን ቀን አንቺ ያመጣሽው ትንሽ ነበር። ድስቱን አልሞላ አለ። አንቺ ውኃ ስትወርጂ እኔ ከባሕር ዛፉ ሥር ወጣሁና እፍኝ ለቅሜ ጨመርኩበት። ቸኩዬ ነበር፤ አላየሁትም። ያንቺ ደህና ነበር፣ የብርጓል። የኔ ነው የገደለው።»

የብርጓል ነጠላዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አጣጠፈችው።

«ሰዉ ሲጠይቅ አፌ ላይ የመጣው እሱ ሆነ። ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል ሄድሽብኝ።»

የብርጓል ተነስታ እራት አቀረበች፤ እናቷን አስታጠበች፤ አልጋቸውን አነጠፈች። እንዲህ አሥራ አንድ ቀን ሄደ። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣለች፣ እግራቸውን ታጥባለች፣ ቃል ግን ከአፏ አይወጣም። እናትየውም አልለመኗትም። ሥራ ቦታ ላይ ሁለት ሳህን አሳረረች፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ሆኖ አያውቅም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በየፍልሰታው ለደምለው ስትሰግድ፣ ቄስ ፊት ቀርባ ስታለቅስ፣ ማግባት ፈርታ ስትቀር፣ አንድ ሰው እውነቱን ያውቅ ነበር። ይህን ስታስብ ሽንኩርት ሳትከትፍ ታለቅሳለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለእናቷ ሠራች። ከሳጂዳ ቅርጫት ደህና ደህናውን መርጣ፣ ድንቹን ለጥርስ እንዲለሰልስ አብዝታ ቀቅላ፣ ፎርኖ ውስጥ ስታስገባ ከፊቱ ቆማ ጠበቀችው። ሳህኑን በፎጣ ጠቅልላ ሳይበርድ ቤት ደረሰች። እናቷ ሽታውን ሲያውቁት ፊታቸው ተለዋወጠ። ማንኪያውን ያዘችላቸው። መጀመሪያ ራሷ ቀመሰችና ከዚያ ለእሳቸው አቀረበች።

ወይዘሮ አመተ ማርያም ጎረሱ፤ ቆይተው ዋጡ። ሁለተኛም ጎረሱ።

«እንዲህ ነው ለካ» አሉ። ከዚያ እጇን ያዝ አድርገው፣ «ይቅር ትይኛለሽ?» አሏት።

የብርጓል አዎ ልትል ፈልጋ ነበር። ማንኪያውን እንደገና ሞላች። «ይብሉ እማ፣ ይቀዘቅዛል» አለች።

እናቷ በልተው ተኙ። ከዚያ በኋላ ስለ አየሩ፣ ስለ ጎረቤት ልጆች፣ ስለ ጥቃቅኑ ነገር ሁሉ መነጋገር ጀመሩ፤ ያንን አላነሱትም። የብርጓል እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ይቅር ማለቴን እነግራቸዋለሁ ብላ ቆርጣ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ከሥራ ስትመለስ እናቷ ደጅ፣ ፀሐይ የሚሞቁበት በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ፣ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሞተው አገኘቻቸው።

አስከሬናቸው ወደ መንደራቸው ተወሰደ። ተዝካሩም እዚያው፣ ሙላት ቤት ወጣ። ዝናብ ነበር። ሰዉ ተስተናግዶ ሲያበቃ ሙላት ራሱ መሶብ ይዞ የብርጓል ካለችበት ጥግ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ጠጉሩ ሸብቷል። እንጀራ ቆርሶ፣ ወጥ አጥቅሶ ወደ አፏ ዘረጋ። ጎረሰች።

«ስንት ዘመን በደልኩሽ» አለ። «እናቴ እስክትሞት አንድ ቀን ወቅሳሽ አታውቅም። እሷ የቻለችውን እኔ አልቻልኩም ነበር። ልጅ ነበርሽ፣ አላወቅሽም። ዛሬ በእሷ ተዝካር ይቅር ብዬሻለሁ፣ የብርጓል። ከልቤ ነው።»

ጉርሻው ገና አፏ ውስጥ ነበር። አላመጠችው፤ ዋጠችው። የወንድሟ ዓይን እንባ አቅርሯል፤ እናቱን ሲያነሳ ድምፁ ይሰበራል። ጎንበስ ብላ ትከሻውን ሳመችው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» አለችው።

ደብረ ማርቆስ ተመልሳ ይህን የነገረችው ለሳጂዳ ብቻ ነው። እንጉዳዩን እየተረከበች ነበር።

«እንዴት አትነግሪውም!» አለች ሳጂዳ ቅርጫቱን አስቀምጣ። «ይቅርታ ጠያቂው እሱ መሆን ነበረበት እኮ!»

«አሁን ነው እናቱን የቀበረ» አለች የብርጓል።

ሙላት አሁን በየሳምንቱ ይደውልላታል። ስለ እርሻው ያወራታል፤ ልጆቹን ያገናኛታል። በዚህ ክረምት ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስገባ ሲመጣ እሷ ዘንድ አርፎ፣ ከእሷ ጋር ከአንድ ገበታ በላ። ሲሄድ እስከ መናኸሪያ ሸኘችው። አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ በመስኮቱ በኩል እያየችው፣ ልትነግረው አፏን ሁለት ጊዜ ከፈተች፤ ሁለቱንም ጊዜ እንባዋ ቀደማት። እሱ የምታለቅሰው መለየቱ ከብዷት መስሎት፣ «አይዞሽ፣ ለመስቀል እመጣለሁ» አላት።