በአባቴ ዓይን ውስጥ የተዘረጋው ፕላስቲክ

አባቴ አምቦ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ በእጁ የሚሠራ ሰዓሊ ነበር። ከዋናው መንገድ እስከ ገበያው ድረስ የልብስ ሰፊዋ፣ የፀጉር አስተካካዩ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰሌዳ ሁሉ የእሱ ብሩሽ ያረፈበት ነው። ልጅ ሳለሁ ከተማው የቤታችን ተቀጥላ ይመስለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየደጁ የአባቴን ፊደል እያነበብኩ ስለምሄድ መንገድ ይጠፋብኛል ብዬ ፈርቼ አላውቅም።

ኋላ ላይ በኮምፒውተር የሚታተም ባነር መጣ። ቀጥሎም አክሪሊክ የሚሉት፣ ከውስጡ መብራት የሚበራበት ጠንካራ ፕላስቲክ መጣ። የአባቴ ሥራ እየሳሳ ሄደ። ዓይኑም አብሮ ደከመ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከእሱ ጋር የምኖረው እኔ ነበርኩ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ማፍሰስ ሲጀምር እጁ የተንቀጠቀጠ መስሎኝ ነበር። ሐኪም ግን የዓይን ሞራ ነው አለን፤ በሁለቱም ዓይን።

ለቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ሄድን። ሚኒባሱ ጊንጪን አልፎ አዲስ ዓለም እስክንደርስ አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ነበር። ምን እንደሚያይ ብጠይቀው፣ «ጉም» አለኝ። የጠራ ቀን ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። አባቴ ዓይኑ ውስጥ የሚገባውን ነገር ካላየሁ አልተኛም ስላላት፣ አንድ ትንሽ ዕቃ ከፍታ አሳየችው። ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ እንደ ውሃ ጠብታ የጠራ ነገር ነው፤ በሁለት ጎኑ እንደ ክር የቀጠኑ እጆች አሉት።

«አባባ፣ የተፈጥሮው ሌንስዎ ደፍርሷል። እሱን አውጥተን ይህንን እንተካለን» አለችው።

«በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«የምንከፍተው ከስንዴ ፍሬ ወርድ አይበልጥም። ይሄ ለስላሳ ስለሆነ ተጠቅልሎ ይገባል። ውስጥ ሲደርስ በሰውነትዎ ሙቀት ቀስ እያለ ይዘረጋል። ድሮ ሌንሱ ጠንካራ ስለነበር ሰፋ አድርገን ከፍተን መልሰን እንሰፋ ነበር።»

«ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ከአክሪሊክ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ያ ነው?» አለኝ።

«ዘመዱ ነው» አልኩት። «ሞለኪውሎቹ የሚያያዙበትን መንገድ ሲለውጡት አንዱ ይደነድናል፣ አንዱ ይተጣጠፋል። የሰሌዳው ደንዳናው ነው፤ ይሄ ደግሞ ለስላሳው።»

«እንጀራዬን የወሰደው ነው ዓይኔን የሚመልሰው በይኛ» አለ። ቂም አልነበረበትም። የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ ሰላም ያለ ያህል ነበር አነጋገሩ።

መጀመሪያ የተሠራለት ቀኝ ዓይኑ ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ አድርገውለት ነበርና አልተኛም። ከወጣ በኋላ ያየውን ነገረኝ። «ውሃ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ፀሐይን ከታች የማያት መሰለኝ። ብርሃኑ ይሟሟል፣ ይሰበሰባል። ከዚያ አንድ ነገር ጥቅልሉን ፈታ፤ ልክ አበባ ሲከፈት። ዓይኔ ውስጥ መሆኑን እንኳ ረስቼ ነበር።»

በማግሥቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያያት ሐኪሟን ነበር። «ጋውንሽ ሰማያዊ ነው እንዴ?» አላት።

«ነጭ ነው አባባ። ሞራው ሁሉን ነገር ቢጫ ያደርገው ስለነበር ነጩ እንግዳ ሆኖብዎት ነው። ይለምዱታል።»

ወደ አምቦ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አንዱን ዓይኑን እየከደነ፣ ሌላውን እየገለጠ መጣ። «በዚህኛው ጧት ነው፣ በዚያኛው አመሻሽ» ይለኛል። የጤፉን ማሳ፣ ተራራውን፣ ከፊታችን የተቀመጡትን ሴት ነጠላ ሁለት ሁለት ጊዜ አየ። እኔም አንድ ዓይኔን ከድኜ ሞከርኩ። ለእኔ ያው አንድ ዓለም ነበር። ቀናሁበት።

በሦስተኛው ቀን ሰሌዳዎቹን ልይ ብሎ አብረን ወጣን። አባቴ ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ቆመ። ሰሌዳው ላይ የሠራው ሰማይ ነበር፤ በጣም የጠነከረ፣ ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ። ቀጥሎ መድኃኒት ቤቱ፤ ያው ሰማያዊ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ጋ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ የሳላት ሙሽራ ከጀርባዋ ያንን ሰማያዊ ተሸክማ ቆማለች። አባቴ ቀኙን ከደነ፣ ግራውን ከደነ።

«ሰማያዊ እስኪመስለኝ ድረስ ነበር የምጨምረው» አለ በቀስታ። «አንቺ ታዪው ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ሆን ብለህ የመረጥከው መስሎኝ ነበር አልኩት። እውነቱ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነበር። ሥራው እያነሰ በመጣበት ጊዜ ቀለሙ ተበላሸ ብዬ ልነግረው አልደፈርኩም። ይህንንም ቆይቼ እዚያው መንገድ ዳር ነገርኩት። ክንዴን ያዘኝ እንጂ አልተቆጣም።

ልብስ ሰፊዋ አይታን ወጣችና በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለችው። «አካም ቡልተን፣ አባባ።»

«ናጋ። ልጄ፣ ይህን ሰሌዳ ላስተካክልልሽ። ተሳስቼብሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሰማዩን።»

ሴትየዋ ቀና ብላ ሰሌዳዋን አየች። «ሰው እኮ ቤቴን የሚያውቀው በሱ ነው። ከገጠር የሚመጣ ደንበኛ ሰማያዊዋ ጋ ግባ ይባላል። አይንኩብኝ።»

የሌሎቹን ሁለት ሱቆች ሰሌዳ በሳምንት ውስጥ እንደገና ቀባ። የእሷን ተወው። አልፎ አልፎ ግን በዚያ ሲያልፍ ግራ ዓይኑን ብቻ ገልጦ ያየው ነበር። በዚያኛው ዓይን ልክ እንዳሰበው ነው ይለኛል።

ግራ ዓይኑን ለማሠራት ቀጠሮ ሲደርስ ግን እንቢ አለ። አንድ ወር፣ ከዚያ አንድ ክረምት አለፈ። ብቆጣውም አልሰማኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ምክንያቱን ነገረኝ። «እናትሽን በመጨረሻ ያየኋት በዚህ ዓይን ነው። ቤቱ ውስጥ ስትመላለስ ሁሉ ነገር እንደ ማር ነበር። ቀኙ ጧት ብቻ ነው የሚያሳየኝ። እሷ እዚህኛው ብርሃን ውስጥ አልነበረችም።»

ስለ አክሪሊክ ማውራት እችላለሁ፤ ስለዚህ ግን ምን እላለሁ? ከዚያ ቀን ወዲህ አልጎተጎትኩትም።

በኋላ ራሱ ወሰነ። ግራው ጨርሶ ሲጨልም፣ ማሩም አብሮት እንደጠፋ ነገረኝና ሄደን አሠራነው። ሲያገግም ወንጪ ውሰጂኝ አለኝ። ቀለም አልያዘም፣ ብሩሽም አልያዘም። ሐይቁ ወለል ብሎ ከሚታይበት ገደል አፋፍ ላይ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ጉሙ ከውሃው ላይ እየተነሣ፣ እየተበታተነ፣ ሲገለጥ ታች አንዲት ጀልባ ወጣች። አባቴ በሁለቱም ዓይኑ አያት። ቀለሙን ምን ትለዋለህ ብዬ ጠየቅኩት። «ቆይ እስቲ፣ ገና እያየሁት ነው» አለኝ። እኔም አልቸኮልኩም።